ሦስተኛው ጉልቻ

«እማማ፣ ማር እዚህ አይሸጥም፤ ገበያው ከታች ነው» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ያዘሉትን ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ አውርደው የሙዚየሙ ደረጃ ላይ አስቀምጠው ነበር። ማር ሻጮቹ ሁሉ የሚይዙት እንዲህ ያለውን ባልዲ ነው። በገበያ ቀን አንድ ሁለቱ መንገድ እየሳቱ ግቢያችን ይገባሉ።

«ማን ማር አለሽ?»

«ቅቤም ቢሆን...»

«ድንጋይ ነው።»

ድንጋይ የሚያመጡም አሉ። የሚያብለጨልጭ ጠጠር ያነሣ ሁሉ ኦፓል የሚባለውን ውድ ድንጋይ ያገኘ ይመስለዋል። «ድንጋይም አንገዛም» አልሁ። ድምፄ እንደ ቁጣ መሰማቱ የታወቀኝ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ስነጋገር እንዲህ ይሆንብኛል።

እርሳቸው ግን ሳቁ። «ኧረ እንግዲህ! ለመሸጥማ በግ አለኝ። ማን ድንጋይ አዝሎ ገበያ ይወጣል? እንግዳ ይዤ ነው የመጣሁ፣ የኔ ልጅ። ዘመዶቹ እናንተ ዘንድ ናቸው ቢሉኝ ከእነሱ ጋር ላስተያየው ነው።»

እማማ ጥሩሐረግ ይባላሉ። የመጡት ከደሃና ነው፤ ከአምደ ወርቅ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ከምታስኬድ መንደር። እዚህ ሰቆጣ ሱቅ ያለው ከሪም የሚባል ነጋዴ ገብስና በግ ሊገዛ አገራቸው ሲሄድ እርሳቸው ቤት ያርፋል፤ እርሳቸውም ሰቆጣ ሲመጡ የሚያድሩት ከእርሱና ከሚስቱ ከሀሚዳ ዘንድ ነው። ሙዚየም በሚባለው ቤት ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮች በመስተዋት ሣጥን ተቀምጠዋል ብሎ የነገራቸው ከሪም ነበር። ይህን በሰሙ በማግስቱ ድንጋያቸውን ባልዲ ውስጥ ከትተው በእህል መኪና ተሳፈሩ።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። አያስፈልግም ብላቸውም እምቢ አሉ። «ሰው ቤት አይደለም እንዴ?»

ሙዚየማችን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀንዶች፣ ቆዳዎችና የደረቁ ዕፅዋት አሉ። ሁለተኛው የድንጋይ ክፍል ነው፤ የእኔ ሥራ እዚያ ነው። በመስኮቱ በኩል ባለው ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ሜትዮራይቶች፣ ማለትም ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮች ይታያሉ። የተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ ሰው በሕይወት ዘመናቸው ሰብስበዋቸው፣ ሲሞቱ ቤተሰባቸው ነው ለሙዚየሙ የሰጠው። ዘጠኙም የውጭ አገር ናቸው። ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ቀንዶቹን አይተው ይመለሳሉ።

እማማ ጥሩሐረግ ቀንዶቹን ዞር ብለውም አላዩ። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መስተዋቱን ሳይነኩ፣ አንድ በአንድ አዩ። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ እየቆጠሩ እንደነበር ከከንፈራቸው አወቅሁ።

«ዘጠኝ። ሁሉም ከሰማይ?»

«ሁሉም።»

«መልካቸው አይገናኝም እኮ።»

«አይገናኝም። ይኼ ብረት ነው፤ ተቆርጦ ስለተወለወለ ነው የሚያበራው። እነዚህ ደግሞ ድንጋይ ናቸው፤ ግን ውስጣቸው የብረት ፍንጣሪ አለ። ውጫቸውን ያጠቆረው ሲወርዱ ያቃጠላቸው ግለት ነው።»

ስለ ድንጋይ ሲሆን አንደበቴ ይፈታል። እርሳቸውም በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ከአንደኛው ሥር ወዳለው ወረቀት አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ይኼ ጽሕፈት ምን ይላል?»

ነገርኋቸው። የሰማይ ድንጋይ ስሙን የሚያገኘው ከወደቀበት ቦታ ነው። ከስሙ ሥር ደግሞ ከሁለት አንዱ ይጻፋል፦ ሰው እያየው የወደቀ እንደሆነ «ሲወድቅ የታየ»፣ ወድቆ ከርሞ ሰው ያነሣው እንደሆነ «የተገኘ»።

«ይኼኛውስ?»

«ሲወድቅ የታየ ነው።»

«ማን አየው?»

«አንድ ገበሬ። ድንች እያወጣ ነበር ይላል መዝገቡ።»

እማማ ጥሩሐረግ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አመኑት?» አሉ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መዝገቡ ላይ እንዳልተጻፈ ነግሬ ወንበር አቀረብሁላቸው። ባልዲውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡና ነገሩን ጀመሩልኝ።

«ባለቤቴ ንጋቱ ይባል ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው፤ አውድማ ላይ ገብስ ሊጠብቅ አድሮ ሊነጋጋ ሲል እየሮጠ መጣ። ጋቢው ውስጥ ድንጋይ ጠቅልሏል። ‹ከሰማይ ወረደ፤ እያየሁት ወረደ። እንደ ጅራፍ ጮኾ ከአውድማው ጥግ መሬቱን ወጋው› አለ።»

«ለሰው ነገሩ?»

«ያልነገረው አለ? ችግሩ ንጋቱ ተጫዋች ሰው ነው። ጅብ በቅሎ ሲጋልብ አየሁ እያለ ሠርግ ቤት ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ቀን እውነት ቢናገር ማን ይስማው? ‹የሰማይ ጎረቤት› ብለው ስም አወጡለት። ገበያ ሲወጣ ‹ንጋቱ፣ ጎረቤቶችህ ዛሬስ ምን ላኩልህ?› ይሉታል። ዝናብ ሲጠፋ ‹እስቲ ጥራቸውና ተቆጣልን› ይሉታል። መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ኋላ መሳቁን ተወው። ድንጋዩን ግን አልጣለም። በነጠላ ጠቅልሎ አስቀምጦ ለመጣው ሁሉ ያሳያል።»

«እርስዎስ አመኑት?»

የባልዲውን ክዳን በእጃቸው ዳሰሱ።

«እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ተድሬ ከመጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን የክርስትና እንግዶች መጥተው ድንጋዩን እየተቀባበሉ ሲስቁበት ዋሉ። እነሱ እንደወጡ ተነሣሁና ከምድጃዬ አንዱን ጉልቻ ነቅዬ የእሱን ድንጋይ በቦታው ተከልሁት። ድስቴንም ጣድሁበት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ገባ፤ አየ፤ ተቀመጠ። ያቀረብሁለትን በላ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ድንጋይ ቃል አልወጣውም። ጅቡንም በቅሎውንም ተወው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከውጭ የገበያው ድምፅ ይሰማል።

«የፊታችን ኅዳር ሚካኤል ሙት ዓመቱ ነው» አሉ። «በእኛ መንደር ሙት ዓመት ሲወጣ ሚስት ተነሥታ የባሏን ትናገራለች፤ ምን እንዳለማ፣ ማንን እንዳስታረቀ። ያልተናገረችው ከእሱ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። ድንጋዩ እውነት ከሆነ አገር በተሰበሰበበት ልናገርለት ነው፤ እኔ ያደረግሁትንም ጭምር። ውሸት ከሆነ ዝም እላለሁ። ሳላውቅ ግን መናገሩም ዝም ማለቱም አልሆነልኝ።»

የትኛው ቢሆን እንደሚወዱ ልጠይቃቸው አሰብሁና ተውሁት። እውነት ቢሆን የበደሉት እርሳቸው ናቸው፤ ውሸት ቢሆን ባላቸው ሰው እንደሚለው ዋሾ ነበሩ።

ባልዲውን ከፈትን። ውስጡ ትልቅ ጥቅል ጎመን የሚያህል ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። በጥላሸት የተለበጠ ድንጋይ ከውጭ አይታወቅም፤ ግለት ያጠቆረውና ጭስ ያጠቆረው አንድ ይመስላል። ማግኔት በክር አንጠልጥዬ አስጠጋሁት። ማግኔቱ ዘንበል ብሎ ድንጋዩን ነካ።

«ያዘው!» አሉ እማማ ጥሩሐረግ። ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር።

እኔ ግን ቸኩዬ አልተደሰትሁም። የእኛ አገር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያወጣው ስለሆነ ብዙው ማግኔት ይስባል። ሞረድ አምጥቼ አንዱን ጠርዝ የጥፍር ያህል ሞረድሁትና በአጉሊ መነጽር አየሁት። ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች። የብረት ፍንጣሪ የለም። በሌላ በኩል ሞረድሁት። እዚያም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ የሞረድሁት ለማወቅ አልነበረም፤ መናገሩን ለማዘግየት ነው። «ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ መታየት አለበት» ብላቸው ሁለታችንም እናርፍ ነበር። ይህም በልቤ አልፏል።

«እማማ...»

«በይ፣ የኔ ልጅ።»

«ይኼ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሰማይ አልመጣም።»

«ማግኔቱ ሲይዘው አይቻለሁ።»

«ከዋግ ድንጋይ ግማሹን ይይዘዋል። እነዚህን ቀዳዳዎች ያዩ፤ ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አየር የወጣባቸው ናቸው። የሰማይ ድንጋይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «እንግዲያ ዋሸ» አሉ፤ ቀስ ብለው። እፎይ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን መርዶ እንደሰማ ሰው ሆነ።

ድንጋዩን መልሼ ስጠቀልል ነው ያሰብሁት። ምድጃ ሦስት ጉልቻ ነው።

«ሌሎቹ ሁለት ጉልቻዎች የት አሉ?»

«እቤት ናቸዋ።»

«ይኼኛው የአባባ ንጋቱ መሆኑን በምን አወቁት?»

«ከሁሉ ጥቁሩ እሱ ነዋ» አሉ፤ ከዚያ ቆም አሉ። «ከአምስት ዓመት በፊት ልጄ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ምራቴ ምድጃውን አዛውራ አዲስ ጉልቻ ተከለች። የድሮዎቹን ከአጥሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። እኛ አገር የቤት ጉልቻ አይጣልም። ከዚያ ነው ያነሣሁት።»

«ያን ጊዜ የአባባን ድንጋይ ሲተክሉት ይከብድ ነበር?»

«ይከብድ ነበር። ከተቀመጠበት ምድጃው ድረስ ሳደርሰው አንዴ አሳርፌዋለሁ።»

«ይኼኛውስ?»

«አሁንማ ድንጋይ ሁሉ ይከብደኛል፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ መጥቼ ሌሎቹን ልያቸው» አልሁ። ካልሁት በኋላ ደነገጥሁ፤ ብቻዬን መስክ ወጥቼ አላውቅም። አለቃዬ አቶ ተስፋው በስልክ ሲሰማ «ለምድጃ ድንጋይ ነው መስክ የምትወጪው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ፈቀደ።

በማግስቱ ማለዳ ከከሪም ሱቅ ፊት ተገናኘን። ሀሚዳ ዳቦ ቋጥራ ልትሸኘን ወጥታ ባልዲውን ስታይ ወገቧን ያዘች።

«አንቺ ጥሩሐረግ! ያገር ድንጋይ ነው ከተባልሽ ምን ቆርጦሽ መልሰሽ ታዝይዋለሽ? እዚሁ ጣዪው፤ እኔ በር አስደግፍበታለሁ።»

«ጉልቻዬን የሰው ቤት አሳድሬ? ምን በወጣኝ!»

«እኔ ሰው ሆንሁ ዛሬ? ሃያ ዓመት ስታድሪ ቤትሽ አልነበር?»

«አንቺ ሰው አይደለሽም፤ አንቺ ሀሚዳ ነሽ። ድንጋዩ ግን አያውቅሽም።»

ሀሚዳ እየሳቀች ባልዲውን እርሷው ራሷ መኪናው ላይ ጫነችው።

አምደ ወርቅ ደርሰን ከዚያ በእግር ወጣን። ባልዲውን እየተቀያየርን ተሸከምን፤ ብዙውን እርሳቸው። የገብሱ አጨዳ ተጀምሮ ነበርና በየማሳው ያሉት ሰዎች ቀና እያሉ «ጥሩሐረግ፣ ከየት ነው?» ይሏቸዋል። እርሳቸውም «ከሰቆጣ፤ እንግዳ ይዤ» ይላሉ። ስለ ድንጋዩ ለማንም አልተናገሩም። አንድ ዳገት ላይ አረፍ ብለን ሳለ አውድማው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ። አሁን ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል።

ቤት ስንደርስ ምራታቸው የሻምበል ውኃና ጠላ አቀረበችልን። የሠላሳ ዓመት ግድም ሴት ናት፤ ፈጣንና ሳቂታ። የመጣንበትን ሲነግሯት አጥሩ ሥር ወሰደችኝ። አንድ ጉልቻ ነበር። ሞረድሁት፤ እንደ ሰቆጣው ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው።

«ሦስተኛውስ?» አልኋት።

«እሱማ ተሰብሮ የለ? ምድጃውን የቀየርሁ በእሱ ምክንያት ነው። ለፋሲካ ዶሮ ጥጄ ሳለሁ ጧ አለና ለሁለት ተከፈለ፤ ድስቱ ተገለበጠ።»

«ወጡ ፈሰሰ ብለሽ ባልሽን አታለልሽው እንጂ ግማሹን በልተሽው ነበር» አሉ እማማ ጥሩሐረግ ከኋላችን።

«እማማ ደግሞ! እንግዳ ፊት!»

«ያኔ ድስቱ ተገለበጠ አልሽ እንጂ ጉልቻው ተሰበረ አላልሽኝም። ስብራቶቹን የት አደረግሻቸው?»

አንደኛው ጓዳ ውስጥ የጎታውን ክዳን ተጭኖ ተቀምጧል፤ አይጥ እንዳይገባ። ሌላው የዶሮዎቹን ቤት በር ይዘጋል። የሻምበል የጎታውን አምጥታ መዳፌ ላይ ስታስቀምጠው እጄ ወደ ታች ወረደ። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። የተሰበረበት ፊቱ ጥቁር አልነበረም፤ እንደ ዛገ ማጭድ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ቀዳዳ የለውም። ማግኔቱን ገና ሳስጠጋው ክሩን ስቦ ጧ ብሎ ተለጠፈ፤ ሳላቅቀው ታገለኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሞረድሁት። እማማ ጥሩሐረግ አጠገቤ ቆመዋል። ብናኙን በትንፋሼ አራግፌ መነጽሩን አስጠጋሁ። ግራጫው ድንጋይ ውስጥ የነጡ የብረት ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ አንዳንዱ ዝጓል፣ ብዙው ግን ንጹሕ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁ።

«ነው» አልሁ።

«ምኑ?»

«ከሰማይ የወረደው ይኼ ነው፣ እማማ።»

«ልታስደስቺኝ አይደለም?»

«ላስደስትዎ ብል ኖሮ ትናንት ሰቆጣ ላይ እናገረው ነበር።»

መነጽሩን ሰጠኋቸውና እንዴት እንደሚያዩበት አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ፈለጉ። «እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበራው ነው?» አሉ።

«እሱ ነው። በምድር ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት አይገኝም ማለት ይቻላል።»

የሻምበል አፏን በእጇ ያዘች። «እንግዲያ አባባ እውነታቸውን ኖሯል?»

እማማ ጥሩሐረግ ስባሪውን ከእጄ ወስደው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥላሸቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ አይለቅም።

«እሳት ነው የሰበረው?» አሉኝ።

«እሳት ነው። ግን ባይሰበር ኖሮ ውስጡን እንዲህ አናየውም ነበር።»

እውነት ነበር፤ ግን የሚያጽናና አልሆነም።

«ሠላሳ ዓመት ወጥ ሠራሁበት» አሉ። «በየቀኑ እያየው ነው የበላው። አንድ ቀን እንኳ ‹አንሺልኝ› አላለኝም።»

ከቦርሳዬ ቅጽ አወጣሁ፤ የወደቀበት ቦታ፣ ዘመን፣ ያየው ሰው የሚሞላበት ነው። ሊያስደስታቸው ይችላል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ገና ነው። ወረቀቱ ይቆይልኝ። መጀመሪያ እኔ ልናገር።»

የሻምበል አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ይናገሩ እማማ፤ አባባ እውነት ነበሩ ይበሉ። የምድጃውን ግን ምን አስወራዎት? ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዳው ሁሉ ‹ሚስቱ እንኳ› እያለ ይሂድ?»

«ሚስቱ እንኳ ነዋ።»

«እሳቸውም ቢሆኑ ይኼን አይወዱም ነበር።»

እማማ ጥሩሐረግ ስባሪውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እስከ ማታ ድረስም ስለዚህ አልተነሣም። እኔ እዚያው አድሬ በማግስቱ ወደ ሰቆጣ ሄድሁ። ይናገሩ አይናገሩ እርግጠኛ አልነበርሁም። ስሰነባበታቸው «ለኅዳር ሚካኤል ነዪ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ለኅዳር ሚካኤል ከከሪምና ከሀሚዳ ጋር ሄድሁ። ዳሱ ከቆርቆሮው ቤት ፊት ተጥሎ ሰው ሞልቶበታል፤ ቄሶቹ በአንድ ወገን፣ ሽማግሌዎቹ በሌላው። ለከሪምና ለሀሚዳ ለብቻ የተሰናዳ ምግብ በሌላ ቤት ይጠብቃቸዋል። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ምሰሶ ተጠግቼ ተቀመጥሁ። ሀሚዳ «ይቺ ልጅ ምሰሶ ነው እንዴ የሚድሯት?» ብላ ሴቶቹን አሳቀችብኝ።

ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ ጥሩሐረግ ተነሡ። ጥቁር ልብሳቸው ዓመት ሙሉ ታጥቦ ግራጫ ሆኗል። አባባ ንጋቱ የቆፈሩትን ምንጭ ተናገሩ። ያስታረቋቸውን ሁለት ወንድማማቾች በስማቸው ጠሩ፤ ወንድማማቾቹ እዚያው ነበሩና አንገታቸውን ደፉ። በድርቁ ዓመት ዘር ያካፈሏቸውን ሰዎች ተናገሩ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ስባሪውን አወጡ።

«ይኼን ታውቁታላችሁ» አሉ። «ንጋቱ ከሰማይ ወረደ ያላችሁ ድንጋይ ነው። እውነቱን ነበር። ከሰማይ ነው የወረደው።»

ከሽማግሌዎቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሰው ሳቀና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«እናንተ ሳቃችሁበት። እናንተ ባዳ ናችሁ፤ ባዳ ይስቃል። እኔ ሚስቱ ነኝ። እኔ ይኼን ድንጋይ አንሥቼ ጉልቻ አደረግሁበት። እሳት ላይ አኖርሁት፤ እሳት ሰበረው። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ሳይወቅሰኝ ሞተ። ሌላው ስለ እሱ የተናገርሁት ሁሉ እናንተም የምታውቁት ነው። ይኼን ግን ከእኔ በቀር የሚናገርለት የለም።»

የሻምበል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ከሽማግሌዎቹ መካከል አያ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ፣ በትራቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰው ናቸው የተናገሩት።

«ማን አለ፣ ጥሩሐረግ? ከሰማይ ነው ያለ ማን ነው?»

እማማ ጥሩሐረግ ወደ እኔ አዩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሣሁ፤ ምሰሶውን ያዝሁ።

«እውነት ነው» አልሁ። «ተመርምሯል።»

«ጮክ በይ፣ ልጄ፤ አልሰማንሽም» አሉ አንድ ቄስ።

«እውነት ነው! ከሰማይ የወረደ ነው። አባባ ንጋቱ ያዩት እውነት ነው።»

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ አለ። ተቀመጥሁ። ሀሚዳ እጄን ያዘችኝ።

ስባሪው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያን ዘመን ያልሳቀ የለም፤ አሁን ግን አንዱም አልሳቀም። ሁሉም እንደያዘው ከፍ ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ይመዝንና ለጎረቤቱ ያቀብላል። አያ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሲደርስ ቆየ። በትራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«‹የሰማይ ጎረቤት› ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነበርሁ» አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ከዚያ ተነሥተው፣ ሰው እየደገፋቸው፣ ድንጋዩን ራሳቸው ወስደው ለእማማ ጥሩሐረግ መለሱላቸው፤ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውንም ሳሙ። እማማ ጥሩሐረግ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

ምሳ ቀረበ። ከምሳ በኋላ እማማ ጥሩሐረግ ጓዳ ጠርተውኝ ቅጹን ሞላን፤ ባላቸው የነገሯቸውን እርሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍሁ፣ እርሳቸውም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከሁለቱ ስባሪዎች አንዱን ለሙዚየሙ ሰጡኝ፤ ሌላውን ቤታቸው አስቀሩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከሪምና ከሀሚዳ ጋር ወደ አምደ ወርቅ ወረድን።